ወሎ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት እንዴት መጓዝ ይቻላል?

መጀመሪያ ያየሁት ቀይ ቀበሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ ነው። አቡነ ዮሴፍ ላይ ነበርን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ሣሩ ገና በውርጭ ነጭ ነው። ቀበሮው መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መሬቱን እያሸተተ ይሄዳል። ስልኬን አውጥቼ ጠጋ አልኩ። ከዚያ ፈጠን አልኩ። ከዚያ ሮጥኩ። አንዴ ዞር ብሎ አየኝና ከጉብታው ማዶ ተሰወረ። ያነሳሁት ፎቶ ላይ ሣርና ሰማይ ብቻ ነው ያለው።

አስጎብኚያችን ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ቁጭ ብትልለት ኖሮ ራሱ ይመጣልህ ነበር» አሉኝ። በማግስቱ ቁጭ አልን። መጣ።

ከዚያ ወዲህ ወሎ ውስጥ አውሬ ለማየት በወጣሁ ቁጥር የምይዘው ይቺን ምክር ነው። እንስሳውን አታሳድዱት፤ የሚያልፍበትን አውቃችሁ ጠብቁት። የሚያልፍበትን የሚያውቀው ደግሞ እዚያው ከብት እየጠበቀ ያደገ ሰው ነው። የቀረው ዝግጅት ሁሉ ለዚህ የሚሆን ነው።

ቦታውን ምረጡ

ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ አንድ ቦታ ብቻ ያዙ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት እናዳርስ የሚል ሰው መኪና ውስጥ ነው የሚውለው።

ሰሜን ወሎ ከሆናችሁ አቡነ ዮሴፍ ይሻላል። ከላሊበላ በላይ ያለው ተራራ ነው። ጫፉ ከ4,200 ሜትር ያልፋል፤ ላሊበላ ራሷ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። መንገዱ በእግር ወይም በበቅሎ ነው። አሸተን ማርያምን አልፋችሁ ሁዳድ ከሚባለው አምባ ስትደርሱ የጭላዳ ዝንጀሮ አገር ገብታችኋል። ከዚያ በላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም የውርጭ ተክልና የጓሳ ሣሩ ይጀምራል፤ ቀይ ቀበሮውም እዚያ ነው። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሌሊት መድቡ። በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ ይቻል ይሆናል፣ ማየት ግን አይቻልም።

ደቡብ ወሎ ከሆናችሁ የደንቆሮ ጫካ አለላችሁ። ከመካነ ሰላም ብዙም አይርቅም፣ ከደሴ ግን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ደንቆሮን የምወድበት ምክንያት አለኝ። በአንድ ቀን እግር ጉዞ ከወይራና ከኮሶ ጥላ ተነስታችሁ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ መሀል ትገባላችሁ፣ ከዚያም ገላጣው የጓሳ ሜዳ ላይ ትወጣላችሁ። ጫካና ሜዳ በአንድ ቁልቁለት ላይ ናቸው።

ሞቅ ያለ አገርና ወፍ የሚወድ ሰው ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ይውረድ። ቦርከና ወንዝ የሚተኛበት የጨፋ ረግረግ መንገድ ዳር ነው። ግማሽ ቀንና አንድ ባይኖኩላር ይበቃል።

ቦታ ከመረጣችሁ በኋላ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ እዚያ ለሚኖር ሰው ደውሉ። ያለፉት ዓመታት ግጭት አካባቢውን ክፉኛ ጎድቶታል። የትኛው መንገድ ዛሬ ክፍት እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቀው የዚያ ሰው ነው። «ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ።

ጊዜውን ምረጡ

ሐምሌና ነሐሴ ይቅርባችሁ። ጭቃው በቅሎም ያንሸራትታል፣ ጉሙ ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን ዛፍ ይደብቃል። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ተራራው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል። ወሎ የበልግ አገር መሆኑንም አትርሱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ደረቅ ወቅት ነው ብላችሁ ያለ ዝናብ ልብስ አትውጡ።

አስጎብኚ ያዙ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡበት። አንድ ጊዜ ከከተማ ይዤው የወጣሁት ልጅ ጨዋና ትሁት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ አንድ በአንድ ያውቃል። ተራራውን ግን አያውቀውም። ጭላዳ ያለበት ገደል ሥር የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነው። መንጋው ከወጣ አምስት ሰዓት አልፎታል። ያየነው ኩሱን ብቻ ነበር።

አስጎብኚ ስትመርጡ እንግሊዝኛውን ወይም ልብሱን አትዩ። አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ጭላዳዎቹ ትናንት የት አደሩ?» የሚያውቅ ሰው የገደሉን ስም ይነግራችኋል። የማያውቅ ሰው «ብዙ ጭላዳ አለ፣ አታስቡ» ይላችኋል።

ፓርክ ከሆነ መጀመሪያ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ መግቢያውን ክፈሉ፣ ስካውትም ያዙ። ስካውቱ ለጥበቃ ነው፣ አስጎብኚው ደግሞ ለማሳየት። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። በቅሎ ካስፈለጋችሁ የበቅሎው ባለቤት ሦስተኛ ሰው ነው። ለእያንዳንዳቸው በቀን ስንት እንደሆነ፣ ምግባቸው በማን እንደሆነ፣ የመመለሻ ቀን ይታሰብ አይታሰብ እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ወረቀት ላይ ጻፉት። ተራራ ላይ በዋጋ መነታረክ ለሁሉም ደስ አይልም።

ክፍያውን አትቀንሱ። ይህንን ከልቤ ነው የምለው። ጭላዳው የገበሬውን ገብስ ይበላል። ያ ገበሬ መንጋውን ታግሶ የሚኖረው ከእንግዳ የሚገባው ብር ለቤቱ ሲደርስ ነው።

ዕቃችሁን ያዙ

ከሁሉም በፊት ሙቀት። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ። ቀለሙ ቡናማ ወይም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ይሁን፤ ነጭና ደማቅ ቀይ ከሩቅ ይታያል። ባትሪ፣ ውሃ፣ የፀሐይ ቅባት። ለስንቅ በሶና ቆሎ የሚያክል የለም፣ አይከብድም፣ አይበላሽም። ባይኖኩላር ከሌላችሁ ተዋሱ። ትልቅ ካሜራ ተውት ብትሉኝ እተወዋለሁ፣ ባይኖኩላር ግን አልተውም።

ከቆላ የምትመጡ ከሆነ አንድ ቀን ላሊበላ ወይም ደሴ እደሩና ተነሱ። ከ3,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ አርፉ፣ ውሃ ጠጡ። ካልተሻላችሁ ውረዱ። ነገም ሌላ ቀን ነው።

ገደል አፋፍ ላይ፦ ጭላዳ

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ በዱር የትም አይገኝም። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ነብርና ጅብ እንዳይደርሱበት። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ተነስታችሁ አፋፉ ላይ መንጋውን ቀድማችሁ መቀመጥ አለባችሁ። ከእነሱ በኋላ ከመጣችሁ ትረብሻላችሁ። ቀድማችሁ ከተቀመጣችሁ ግን እንደ ድንጋይ ይቆጥሯችኋል።

መጀመሪያ ድምፅ ትሰማላችሁ። ከገደሉ ሥር ጉርምርምታ፣ ጩኸት፣ የሕፃን ለቅሶ የሚመስል ነገር። ከዚያ አንድ ራስ ብቅ ይላል። ከዚያ አሥር። ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ጠጉር ይፈታትሻል። ቆይተው ነው ወደ ሣሩ የሚገቡት።

እጃቸውን እዩ። ከጦጣና ዝንጀሮ ወገን እንደ ጭላዳ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ የለም። አንዷ እናት ከእኔ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ስትበላ ለረጅም ጊዜ አይቻታለሁ። በሁለት እጇ ተራ በተራ ትነጫለች፣ መዳፏ ሲሞላ ወደ አፏ ትወስዳለች። አትነሳም፤ ቂጧ ላይ እንደተቀመጠች ትንሽ ትንፏቀቅና የሚቀጥለውን ትጀምራለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ደረታቸው ላይ ያለው ጠጉር የሌለበት ቀይ ቆዳ በደንብ የሚታየው ያኔ ነው። ሌሎች ዝንጀሮዎች መቀመጫቸው ላይ ያላቸው ምልክት፣ እነዚህ ሁልጊዜ ስለሚቀመጡ ወደ ደረታቸው መጥቷል ይባላል።

ትልቁ ወንድ ጎፈሩን ነስንሶ በአጠገባችሁ ሊያልፍ ይችላል። ዓይኑን ትኩር ብላችሁ አትዩት፣ ጥርሳችሁንም አታሳዩት። የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ «ራቁ» ማለቱ ነው። ቀስ ብላችሁ ፊታችሁን አዙሩ። ምግብ ፈጽሞ አትስጡ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ ማሳ ውስጥ ነው የሚገኘው፣ ድንጋይ ይጠብቀዋል።

ወደ ሰማይም አንዴ ቀና በሉ። አጥንት ከፍ አድርጎ ይዞ አለት ላይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ በዚሁ አፋፍ ላይ ይንሳፈፋል።

ጫካ ውስጥ

ስሙ ደንቆሮ ይባል እንጂ እዚህ ዋናው መሣሪያችሁ ጆሯችሁ ነው። በአንድ መስመር ሂዱ፣ አስጎብኚው ይቅደም። አሥር እርምጃ ሂዱ፣ ቁሙ፣ አዳምጡ። ወሬ የለም። ስልካችሁን ዝጉት።

ንጋት ላይ ከዛፍ አናት እንደ ሩቅ ሞተር የሚንከባለል ድምፅ ከሰማችሁ ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ ይመስላል፣ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል። ቁልቁል ካለው ጥሻ ደግሞ የውሻ ጩኸት የሚመስል ነገር ቢሰማችሁ ውሻ ነው ብላችሁ አትለፉ። የምኒልክ ድኩላ ሲደነግጥ እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ጥቁር ቡናማ ነው፣ ጥላ ውስጥ ሲቆም ይጠፋል። ጆሮው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የምትለዩት።

ነብር አለ። አታዩትም ብላችሁ ሂዱ። ዱካውንና ኩሱን አስጎብኚው ያሳያችኋል፣ ያም ትልቅ ነገር ነው።

ጓሳው ላይ፦ ቀይ ቀበሮ

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። አብዛኞቹ ባሌ ናቸው። ወሎ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ በየተራራው ተለያይተው የሚኖሩ። ስለዚህ እዚህ ስህተታችን ዋጋው ከፍ ይላል።

ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፣ የሚያድነው ግን ብቻውንና በቀን ነው። ምግቡ አይጥ ነው። አይጡ ፀሐይ ሞቆት ከጉድጓዱ ሲወጣ ቀበሮውም ይመጣል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ጉብታ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከጉብታው ጫፍ ዝቅ በሉ፤ ጥላችሁ ሰማይ ላይ እንዳይታይ። ነፋሱ ፊታችሁን ይምታ እንጂ ጀርባችሁን አይምታ።

ጭላዳ የሚግጥበትን ሜዳ አትተዉ። ሰሜን ሸዋ ባለው መንዝ ጓሳ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከሙከራው 25 በመቶው፣ ጭላዳ መሀል ሲሆን ደግሞ 67 በመቶው እንደሚሳካለት አይተዋል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፣ ግልገላቸውን አይነካባቸውምና።

ሲመጣ ትንፋሻችሁን ያዙ። አንገቱን ዘርግቶ ጆሮውን ወደ መሬት ያደርጋል። እግሩን አንስቶ ሳያሳርፍ ይቆማል። ከዚያ አንድ ዝላይ። አትነሱ። አታፏጩ። ጉድጓዱ ወይም ቡችሎቹ አጠገብ ከደረሳችሁ ሳትቆዩ ተመለሱ፤ ከተረበሸች እናት ቡችሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ቦታ ትቀይራለች።

ውሻ ይዛችሁ አትውጡ፣ የተከተላችሁንም መልሱ። ቀይ ቀበሮን ከሁሉ በላይ የሚፈጀው ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ብዙ ቀበሮዎች ያለቁት በእሱ ነው። የተረፈ ምግብና አጥንትም ጥላችሁ አትሂዱ፤ ውሻውን ወደ ጓሳው የሚጠራው እሱ ነው።

የሞተ ወይም የሚንገዳገድ ቀበሮ ካያችሁ አትንኩት። ፎቶ አንሱ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፣ እዚያው እያላችሁ ለአስጎብኚው ንገሩት። ወደ ከተማ እስክትመለሱ አትቆዩ።