ሴንሰሩ ዝም ሲል፦ ከሽቦው እስከ ሜሞሪ አድራሻው

ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ የሚከታተል መሣሪያ ሠርታችሁ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያው ኤስኤችቲ31 ሴንሰር መልስ ከነፈጋችሁ፣ ሌላ ለመግዛት አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ከመውረዳችሁ በፊት ቴስተር አንሡ። ጥፋቱ የሴንሰሩ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ቺፕ) ኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8 ነው፤ ስምንት አሃዝ ያላቸው የሜሞሪ አድራሻዎች በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ናቸው።

ምልክት፦ አይ ቱ ሲ ባሱ (ሴንሰሩንና ማይክሮኮንትሮለሩን የሚያገናኙት ሁለት መስመሮች) ላይ ማንም አይመልስም።

ባሱ ሥራ ሲፈታ የክሎክ መስመሩ ኤስሲኤልም የዳታ መስመሩ ኤስዲኤም 3.3 ቮልት አካባቢ መሆን አለባቸው። ሁለቱም ከዋዠቁ መስመሩን ወደ ላይ የሚጎትት ፑል አፕ ሬዚስተር ስለሌለ ነው፤ ከየመስመሩ ወደ 3.3 ቮልት 4.7 ኪሎ ኦም አስገቡ። ኤስዲኤ ብቻ ዜሮ ላይ ከተቸከለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፕሮግራም ስትጭኑ ወይም ዋችዶግ (ፕሮግራሙ ሲቸከል ቺፑን ዳግም የሚያስነሣው ሰዓት ቆጣሪ) ሲቀሰቀስ ማይክሮኮንትሮለሩ ንባቡን አቋርጦ እንደ አዲስ ይነሣል። ሴንሰሩ ኃይል ስላልተቋረጠበት የጀመረውን ባይት ለመጨረስ የክሎክ ምት እየጠበቀ መስመሩን እንደያዘ ይቀራል። የሪሴት ቁልፉን ደጋግማችሁ ብትጫኑም አይለቅም። ባሱን ከማስነሣታችሁ በፊት ፒኖቹን ተራ ኦፕን ድሬይን (መስመሩን ዝቅ ማድረግ ወይም መልቀቅ ብቻ የሚችል መውጫ) አድርጋችሁ፣ ኤስዲኤን ለቃችሁ፣ ኤስሲኤልን 9 ጊዜ ዝቅና ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ የማቆሚያ ምልክት ላኩ። ይህ ኮድ በእያንዳንዱ አነሣስ ላይ ቢኖር ይሻላል፤ መንዝ ተራራ ላይ ለተሰቀለ መሣሪያ ኃይሉን ነቅሎ የሚሰካለት ሰው የለም።

ምልክት፦ መስመሮቹ ደህና ናቸው፤ ሬጅስተር (የቺፑን ክፍሎች የሚቆጣጠር የሜሞሪ ቦታ) ላይ የጻፋችሁት ግን ዜሮ ሆኖ ይነበባል።

ክሎኩ አልተከፈተም። የአይ ቱ ሲ 1 ሬጅስተሮች ከ40005400 ይጀምራሉ፤ ክሎክ ከሌለ የጻፋችሁት ይጠፋል፣ ስህተት ተፈጠረ የሚላችሁም የለም። በአርሲሲ (ክሎኮችን በሚያበራው ክፍል) የኤፒቢ1 (የቺፑ ውስጣዊ ባስ) ማንቂያ ሬጅስተር ቢት 21ን፣ በኤፒቢ2 ደግሞ ፒኖቹ ያሉበትን የፖርት ቢን ቢት 3 ክፈቱ። ሴንሰሩ አሁንም ዝም ካለ አድራሻውን እዩ፦ በሄክሳዴሲማል 44 የሆነውን የቺፑ አምራች ዝግጁ ኮድ፣ ሃል ላይብረሪ፣ አንድ ቢት ወደ ግራ ተገፍቶ 88 ሆኖ ይፈልገዋል።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ሜይን (ዋናው ፋንክሽን) ሳይደርስ ይሞታል።

የሊንከር ስክሪፕቱ (ፕሮግራሙ በሜሞሪ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ፋይል) 64 ኪሎ ባይት ራም ካለው ቺፕ ተቀድቶ ይሆናል። የዚህኛው ራም 20 ኪሎ ባይት ነው፤ ከ20000000 ተነሥቶ 20005000 ላይ ያበቃል። ስታክ (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ዋጋዎችን የሚደረድርበት ሜሞሪ) ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ የመጀመሪያው ዋጋ የሚቀመጠው በሌለ ሜሞሪ ላይ ነው። በዲበገር 08000000 ላይ ያለውን የስታክ መነሻ አድራሻ አንብቡ፤ ከ20005000 ከበለጠ ስክሪፕቱን አርሙ።

ቡትሎደር (ቀድሞ ተነሥቶ ፕሮግራማችሁን የሚያስጀምር ትንሽ ፕሮግራም) ካለና ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ኢንተራፕት (ሥራውን አቋራጭ ጥሪ) ከተንገዳገደ፣ የኢንተራፕት ሰንጠረዡ የሚፈለገው አሁንም ከቡትሎደሩ ዘንድ ነው። ፕሮግራማችሁ ከ08002000 የሚጀምር ከሆነ ኢንተራፕት ከመክፈታችሁ በፊት ሰንጠረዡ የት እንዳለ በሚያመለክተው ቪቶር ሬጅስተር ላይ ይህንኑ አድራሻ ጻፉ።