ሃምስተሩ ሲታመም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሃምስተር የሚባለው አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ አውሬ እንዳያድነው ሕመሙን ደብቆ የሚኖር ፍጥረት ነው። ምልክቱ ለዓይን ከታየ ሕመሙ ሰንብቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ «እስኪ ነገ እንየው» አይሠራለትም። ቀን መተኛቱ አያሳስብ፤ መታየት ያለበት ማታ ነው። ማታም ካልወጣ፣ ጀርባውን አጉብጦ ከተቀመጠ፣ ጸጉሩ ከቆመና ምግቡን ካልነካ ታሟል።

ጅራቱ ሥር ረጥቦ ይሸታል

ከሁሉም የሚያስፈራው ይሄ ነው፤ «ዌት ቴይል» (እርጥብ ጅራት) ይሉታል። በተለይ ከ3 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን፣ ገና ከመደብር የመጡትን ይይዛል። ላውሶኒያ የተባለ ባክቴሪያ አንጀቱን ይጎዳዋል፤ ከእናቱ መለየቱ፣ መንገዱ፣ ልጆች እየተቀባበሉ ማቀፋቸው ደግሞ ያባብስበታል። ተቅማጡ ፈሳሹን አሟጦ በ1 ወይም በ2 ቀን ሊገድለው ይችላል።

መፍትሄው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው። ውሻና ድመት ብቻ የሚያክሙ ክሊኒኮች ስላሉ አስቀድመው ይደውሉ። እስከዚያ አትክልትና ፍራፍሬ ያቁሙ፤ ይሙቀው፤ ሌሎች ካሉ ይለዩት፤ በነኩት ቁጥር እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ውሃ በጠብታ ያቅርቡለት። ራሱ ከላሰ ጥሩ፤ ከዛለ ግን በግድ አይጋቱት፣ ወደ ሳንባው ይገባል።

ደግሞ አደራ፦ መሳቢያ ውስጥ የተረፈውን አሞክሲሲሊን እንዳይሰጡት። እኛ ቤት የተረፈ መድኃኒት አይጠፋምና ነው ማሳሰቤ። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊንና ክሊንዳማይሲን የሃምስተርን አንጀት ጠባቂ ባክቴሪያዎች ይጨርሱና ክሎስትሪዲየም የተባለው መርዘኛ ባክቴሪያ እንዲራባ መንገድ ይከፍታሉ። ተቅማጡ ባይገድለው መድኃኒቱ ይገድለዋል። ሐኪሙ እንደ ኤንሮፍሎክሳሲን ያለውን ሌላ አንቲባዮቲክ በክብደቱ አስልቶ ያዝለታል።

ቀዝቅዟል፣ አይንቀሳቀስም

ለመቅበር አይቸኩሉ። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ክረምት የቤቱ ማሞቂያ ሲጠፋ ሃምስተር በድን መስሎ ሊተኛ ይችላል፤ ትንፋሹም እጅግ ይራራቃል። ጺሙንና ደረቱን ለጥቂት ደቂቃ ትኩር ብለው ይዩ። ምንም ባይታይዎትም ከ20 እስከ 24 ዲግሪ በሚሆን ክፍል፣ በጨርቅ ጠቅልለው በእጅዎ ሙቀት ቀስ እያሉ ያሙቁት። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከርም ሆነ የጸጉር ማድረቂያ መንፋት ይቅር፤ ድንገተኛ ሙቀት ይጎዳዋል። ሲነቃ ውሃና ምግብ ይስጡት። ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ እንዲህ ከሆነ ግን ጉዳዩ ብርድ አይደለም፤ ይዘውት ይሩጡ።

ጉንጩ አብጦ አልጎድል አለ

ጉንጩ ጎተራው ነው፤ መሙላቱ አያስገርምም። በማግስቱም ካልጎደለ ምግብ ተጣብቋል ወይም መግል ቋጥሯል። በወረንጦ አይጎርጉሩ፤ ሐኪም ያጽዳው። ሮዝ ሥጋ በአፉ ከወጣ ጉንጩ ተገልብጧልና ለዚያው ቀን ይድረስ።

ውሃ አብዝቶ ይጠጣል

በድንክዬዎቹ ዝርያዎች፣ በተለይ ካምቤል በሚባለው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳር ነው። ጣፋጭ ፍራፍሬና ማር የተቀባ ጥራጥሬ አቁመው ያስመርምሩት። ሴቷ ውሃ አብዝታ ሆዷ ካበጠና ደም ወይም መግል ከፈሰሳት፣ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ይሄም የዕለት ጉዳይ ነው። በየ4 ቀኑ ብቅ የሚል ወፍራም ነጣ ያለ ፈሳሽ ግን የመራቢያ ዑደቷ ጤናማ ምልክት ነው። በሶርያው ዝርያ ዳሌ ላይ ግራና ቀኝ የሚታየው ጥቁር ነጥብም ዕጢ ስለሆነ እንደ ቁስል ቅባት አይቀቡት።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ አዲስ ኩሱን በንጹሕ ፕላስቲክ ይያዙ፤ የሚበላውንና ቅርብ ጊዜ የተቀየረውን፣ መኝታው ላይ የሚነጠፈውን ሰጋቱራም ጨምረው ይንገሩ። የጥድ ሰጋቱራ ሽታ ሳንባ ያውካል፤ ሲተነፍስ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ እሱም ይጠርጠር። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን የመዘኑት ካለ ወረቀቱን ይውሰዱ፦ 150 ግራም የነበረ 135 ከገባ ሌላ ምልክት ባይኖርም መታየት አለበት።