ሶላርንና ቤንዚንን ስናወዳድር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ፒያሳ ላይ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ጄነሬተር ይነሳል። ከፀጉር ቤቱ፣ ከካፌው፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ። ጭሱ መሄጃ ያሳጣል። እዚያው ቆመን «ሶላር ቤንዚንን ይተካል ወይስ ወሬ ነው?» እያልን እንከራከራለን። ይተካል ባይ ነኝ። ግን ክርክሩን ገና ከመነሻው የሚያበላሹ ስህተቶች አሉ።

የመግዣውን ዋጋ ብቻ ማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ ርካሽ ነው ብሎ ጄነሬተር ገዛ። ከዚያ ቤንዚኑ መጣ። ዘይቱ መጣ፣ ካንዴላው መጣ፣ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ሰልፉ መጣ። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለ። ትንሽ ጄነሬተር ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ቢሰጥ ነው። የቀረው ሙቀት፣ ጭስና ጩኸት ሆኖ ይሄዳል።

የሶላር ፓኔል በአብዛኛው የ25 ዓመት ዋስትና አለው፤ ፀሐይዋም ሂሳብ አትጠይቅም። ባትሪው ግን በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፤ እሱንም ቆጥሩት። ሂሳቡ የአምስትና የአሥር ዓመት ይሁን። በዓለም ደረጃማ ጉዳዩ እየለየለት ነው። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ እንዳለው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመሩ ትልልቅ የታዳሽ ኃይል (እንደ ፀሐይ፣ ነፋስና ውኃ ያሉ) ማመንጫዎች 91 በመቶው፣ አዲስ ሊሠራ ከሚችለው በጣም ርካሽ የነዳጅ ማመንጫ ባነሰ ዋጋ ያመርታሉ።

«ሶላር ለመተማ ነው» ማለት

ሙቀት ያለበት አገር ይሻላል ብለን እናስባለን። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን ነው። እንዲያውም ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። በጥምቀት ሰሞን ያለውን የጎንደር ሰማይ አስቡት፤ ጥርት ያለ፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ። ፓኔል የሚወደው እሱን ነው።

በ100 ዋት ፓኔል እንጀራ መጠበቅ

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የፓኔሉን 30 እጥፍ ማለት ነው። አምፖል፣ ስልክና ላፕቶፕ ሌላ፣ ምጣድ ሌላ።

መብራት መጥፋቱን በታዳሽ ኃይል ማሳበብ

የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው እዚሁ ከጎናችን ካለው ሐይቅ በሚወስደው ውኃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ አቅም አለው። ሰፈር ውስጥ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም መስመር ሲበጠስ ግን ኃይሉ ከውኃ መጣ ከናፍጣ ለውጥ የለውም፤ ጨለማ ነው።

ሌሊቱንና ክረምቱን መርሳት፣ ወይም ማጋነን

ሶላር ወዳዶች ይረሱታል፤ ተቃዋሚዎች ሌላ ነገር አያወሩም። እውነቱን እንነጋገር። ማታ ሶላር ዜሮ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ደመናም በጣም ይዳከማል። ይህ የምር ድክመት ነው።

ግን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ክረምት ፀሐይ ስትደበቅ ወንዞቻችን ይሞላሉ። በጋ ወንዙ ሲሳሳ ፀሐይዋ ትበረታለች። ሁለቱ በአንድ መስመር ቢገናኙ ቀን ፀሐይዋ ትሠራለች፣ ግድቡ ውኃውን ያቆያል፣ ማታ ይለቀዋል። ይህ ዕድል የሌላቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ባትሪውም ቢሆን ረክሷል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊትየም ባትሪ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 በአማካይ 115 ዶላር ገደማ ሆነ። ጎንደር ሱቅ ውስጥ በዚህ ዋጋ አይገኝም፤ ማጓጓዣም ምንዛሬም አለ። አካሄዱ ግን ቁልቁል ነው።

ሰቅሎ መርሳት

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ያዘንብል። በበጋ አቧራ ሲለብስ በማለዳ፣ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። አቧራ የለበሰ ፓኔል እያዩ «ሶላር አይረባም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጓደኛዬ አሁን ኮምፒውተሩንና አምፖሎቹን ወደ ሶላር አዙሯል። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ብዙ ስለሚስብ ጄነሬተሩን አልሸጠውም። ድሮ በየሳምንቱ ይሞላት የነበረችው ጀሪካን ግን አሁን ወር ታደርሳለች።