የተናቀውን «ዘ ታይም ማሽን» እንዴት እንመልከተው?

ኤች ጂ ዌልስ በ1895 ያሳተመው የጊዜ ጉዞ ልብ ወለድ በ1960 በጆርጅ ፓል አዘጋጅነት ፊልም ሆነ፤ በ2002 ደግሞ የደራሲው የልጅ ልጅ ልጅ ሳይመን ዌልስ እንደገና ሠራው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ የኋለኛው ሥራ ከቀዳሚው ጋር እየተነጻጸረ ሲናቅ ኖሯል፤ በእኔ እምነት ግን ንቀቱ አይገባውም።

ከተቻለ በቅድሚያ የ1960ውን ይመልከቱ። እንዲህ ካደረጉ በኋለኛው ፊልም ዘመን ሲነጉድ በሱቁ መስኮት የቆመችው አሻንጉሊት ልብሷ የሚለዋወጠው ለቀደመው ፊልም ክብር መሆኑን ይረዳሉ፤ በመጀመሪያው ፊልቢ የተባለውን የተጓዡን ወዳጅ ሆኖ የተጫወተው አለን ያንግም በአበባ መሸጫው ውስጥ ብቅ ሲል ያውቁታል።

ዋናው ነገር ግን ሐዘኑ ነው። የልብ ወለዱ ተጓዥ የሚነሣው ዕውቀት ፍለጋ ሲሆን፣ ጋይ ፒርስ የሚጫወተው የኒው ዮርኩ መምህር አሌክሳንደር ማሽኑን የሚሠራው እጮኛው ኤማ በዘራፊ እጅ ስለተገደለችበት ነው፤ ወደኋላ ተመልሶ ከዚያ ሞት ቢያድናትም በሌላ አደጋ ያጣታል። ብዙዎች ይህን ለእንባ ማስፈሰሻ የተጨመረ ታሪክ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን የፊልሙ የጀርባ አጥንት ነው እላለሁ። ስለዚህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ያለፈውን መለወጥ ለምን አይቻልም?» የሚለውን ጥያቄ ይያዙ፤ በ2030 ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቮክስ ከተባለው የብርሃን ምስል ጋር ሲነጋገርም፣ ዓመቱ 802,701 ደርሶ ከመሬት በታች የሚኖሩት ሰው አዳኝ ፍጡራን፣ ሞርሎኮች፣ ሲመጡም አይልቀቁት። ጄረሚ አይረንስ የሚጫወተው የሞርሎኮች መሪ ከመሬት በታች መልሱን ሲሰጥ ፊልሙን ለአፍታ አቁመው ያስቡበት፤ ማሽኑን የወለደው የኤማ ሞት ነውና፣ እሷ ብትተርፍ ኖሮ ማሽኑ ራሱ አይኖርም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምርበት 1899 ዳግማዊ አባ ጅፋር ጂሬን ላይ ሆነው ጅማን ያስተዳድሩበት የነበረ ጊዜ ነው፤ ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኘ ተመልካች አሌክሳንደር ሊመለስበት የሚጓጓውን ዘመን በዓይነ ሕሊናው ለመሳል አይቸገርም።

የመጨረሻው ፍልሚያ ጥድፊያ እንዳለበት አልክድም። ይሁን እንጂ ከእሱ በኋላ ሁለት ዘመናት በአንድ ምስል ጎን ለጎን የሚታዩበት ትዕይንት ስላለ ቶሎ አያጥፉት።

በክረምት የሚያዩ ከሆነ የጅማ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ንግግሩን ስለሚውጠው በጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ፤ የሞርሎኮች መሪ ንግግር ዝግ ያለ በመሆኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ካመለጠ የጥያቄው መልስ አብሮ ያመልጣል።