መሪ ተዋናይቷና ዳይሬክተሩ ቀረጻ ላይ ሲጋጩ ምን ይደረጋል?

መሪ ተዋናይትና ዳይሬክተር ቀረጻ ላይ ሲጋጩ ወሬው ቶሎ ወደ ፀባይ ይዞራል፤ «እሷ አስቸጋሪ ናት»፣ «እሱ ሰው አይሰማም» ይባላል። እንዲህ ከተባለ በኋላ የሚፈታ ነገር አይኖርም፤ የሰው ፀባይ በአንድ የቀረጻ ቀን አይለወጥምና። ጠቡን ያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፦ ሳይነገር የተለወጠ ስክሪፕት፣ በሰው ፊት የተሰጠ እርማት፣ ድካም፣ ወይም ውል ላይ ያልሰፈረ ጥያቄ። ይህ መመሪያ ከሁሉ በፊት ለረዳት ዳይሬክተሩና ለፕሮዲውሰሩ ነው፤ ባለጉዳዮቹም የየድርሻቸውን ያገኙበታል።

መጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ

ግጭቱ ስለ ትወናው ነው ወይስ ስለ ተዋናይቷ ሰውነት፣ ደኅንነትና ክብር? የመጀመሪያው በንግግር የሚፈታ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ለድርድር አይቀርብም፦ ያ ሾት (ካሜራው በአንድ ጊዜ የሚቀርጸው ምስል) ይቆማል፣ ፕሮዲውሰሩም በዚያው ቀን በጽሑፍ እንዲያውቀው ይደረጋል።

መለያው ቀላል ነው። ንግግሩን ወይም እንቅስቃሴውን በመቀየር ቅሬታው የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ የጥበብ ልዩነት ነው። «ይህ እንዲደረግብኝ አልፈልግም» ወይም «እንዲህ እየተባልኩ አልሠራም» ካለች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ብዙ ፊልም የተበላሸው ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ተቆጥሮ «ተነጋግራችሁ ፍቱት» ስለተባለ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

ድምፅ ከፍ ማለት እንደጀመረ ረዳት ዳይሬክተሩ «10 ደቂቃ ዕረፍት» ይበል፤ ምክንያት መደርደር አያስፈልገውም። ቀጥሎ የሚደረገውን ብዙዎች ይረሱታል፦ ተዋናይቷ ልብስ ውስጥ ያለው ገመድ አልባ ማይክ ይዘጋ። ካልተዘጋ በእንባ የምትናገረውን ሁሉ ሄድፎን ያደረገ ሰው ይሰማዋል፣ ቀረጻው እየሄደ ከሆነም ይመዘገባል። ለማስታወቂያ ከጀርባ የሚቀርጽ ካሜራ ካለም ይጥፋ።

ከዚያ ሁለቱን ለያዩ። ተዋናይቷ ራሷ ከመረጠችው አንድ ሰው ጋር ወደ ሜካፕ ክፍል ትሂድ፤ ዳይሬክተሩም ቀረጻው ከሚታይበት ስክሪን፣ ከሞኒተሩ አካባቢ ይራቅ፣ እዚያ ሁሌም የሚያሟሙቅ ሰው አይጠፋም። ረዳት ዳይሬክተሩ ለየብቻ ያነጋግራቸውና ሁለቱን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ሾቱን ለመጨረስ ምን ያስፈልጋል? ፈጽሞ የማይሆነውስ ምንድን ነው? «ማን ጀመረው?» የሚለው አይነሳ፤ መልሱ ቀረጻውን አያስቀጥልም።

በዚሁ መሃል ያለ እሷ የሚቀረጽ ነገር ይፈለግ፦ የእጅና የዕቃ ሾቶች፣ የሌላው ተዋናይ ክሎዝአፕ (ፊት በቅርበት የሚታይበት ሾት)፣ የቦታው ሰፊ ሾት፣ የክፍሉ ባዶ ድምፅ። ይህ የሚደረገው ሰዓት ለማትረፍ ብቻ አይደለም። ሃምሳ ሰው እጁን አጣምሮ እየጠበቃት እንደሆነ የምታውቅ ተዋናይት ያልተስማማችበትን ልትቀበል ትችላለች፤ ያ ስምምነት ደግሞ በማግስቱ ይፈርሳል። አልቅሳ ከሆነ ፊቷ እንደገና መሠራት አለበት፤ ዓይኗ ካበጠ ከእብጠቱ በፊት ከተቀረጸው ጋር ስለማይገጥም የቀሩት ክሎዝአፖች ወደ ሌላ ሰዓት ይዛወሩ። ግማሽ ሰዓት አልፎ ስምምነት ከሌለ ፕሮዲውሰሩ በአካል ይምጣ። በስልክ የሚደረግ ሽምግልና ቀረጻ ቦታ ላይ እምብዛም አይሠራም።

እርማት አሰጣጥ

አብዛኛው ጠብ የሚወለደው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ዳይሬክተሩ ይህን ክፍል ረጋ ብሎ ቢያነበው መልካም ነው።

እርማት ከሞኒተሩ ጀርባ በጩኸት ወይም በድምፅ ማጉያ አይሰጥም። ተነሥቶ፣ ወደ እሷ ሄዶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ለአንድ ቴክ፣ ማለትም ሾቱ አንድ ጊዜ ለሚቀረጽበት ሙከራ፣ አንድ እርማት ይበቃል፤ አምስት ነገር የተነገራት ተዋናይት ስትቆጥር እንጂ ስትጫወት አትታይም። «ይበልጥ እዘኚ» የሚለው ደግሞ እርማት አይደለም፤ ውጤቱን ይነግራታል እንጂ የምትሠራውን አይሰጣትም። «እንዳይሄድ አድርጊው»፣ «ደብዳቤውን ማንበብሽን ደብቂው» ሲባል ግን የምትይዘው ነገር ታገኛለች። ንግግሩን ራሱ ብሎ ማሳየትም ብዙ ተዋንያንን ያስቆጣል፤ ግድ ከሆነ «ልበልልሽ?» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ይቀድማል።

ቴክ ሲደገም ምክንያቱ ይነገር። ፎከስ አምልጦ፣ ማይክ ፍሬም ውስጥ ገብቶ ወይም መኪና አልፎ ሊሆን ይችላል፤ «እንደገና!» ብቻ እየተባለ ስምንተኛው ላይ ከተደረሰ ግን ተዋናይቷ ጥፋቱን ወደ ራሷ ትወስዳለች፣ ከዚያም ትቆጣለች። «አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ፎከሱ ነው ያመለጠን» ለማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

የሾቶች ቅደም ተከተልም ሰበብ ይሆናል። እንደ ልማዱ ሰፊው ሾት ቀድሞ ክሎዝአፑ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በከባድ የለቅሶ ትዕይንት ግን ስሜቷን ሰፊው ላይ ከጨረሰች ፊቷ በሚታይበት ሰዓት የሚቀራት የለም። መብራት ከመተከሉ በፊት «የትኛው ይቅደምልሽ?» ተብላ ትጠየቅ። መብራቱን አዙሮ መልሶ መትከል ጊዜ ይወስዳል፣ ነገር ግን አሥራ ሁለት ቴክ ደጋግሞ ባዶ ከመውጣት ይሻላል።

የአተረጓጎም ልዩነቱ ካልተፈታ አንዱ ቴክ በእሱ መንገድ፣ ሌላው በእሷ ይቀረጽ። ኮንቲኒዊቲ (የሾቶችን እርስ በርስ መጣጣም) የሚይዘው ሰው ሁለቱንም ለይቶ ምልክት ያድርግባቸው፤ ኤዲተሩ ሁለቱንም ያያል። እሷን ለማስደሰት ተብሎ ካሜራው ሳይቀርጽ የሚደረግ የውሸት ቴክ ግን ከጠቡ የባሰ ነው። አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም፤ ከታወቀ ደግሞ ፊልሙ እስኪያልቅ እምነት የሚባል ነገር አይኖርም።

ተዋናይቷም ሰዓት መምረጥ አለባት። ተቃውሞ የሚነሳው በልምምድ ላይ ነው፤ መብራት ተተክሎ፣ ካሜራ ቆሞ፣ ሁሉ ሰው ዝግጁ ሲሆን የሚነሳ ተቃውሞ ትክክል ቢሆን እንኳ አመፅ ይመስላል። «ይህ አይመቸኝም» ከማለት «ትዕይንት 14 ላይ አላውቀውም ብያለሁ፣ እዚህ በስሙ እጠራዋለሁ» ማለት ይሻላል፤ አማራጩን ንግግር ጽፎ መምጣት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ዳይሬክተሩን አልፎ ከሲኒማቶግራፈሩ (ምስሉን ከሚመራው የካሜራ ባለሙያ) ጋር መደራደርና አብረው የሚጫወቱትን ማረም ግን ተገቢ የሆነውን ቅሬታ ሳይቀር ያበላሻል።

ወረቀትና ሰዓት

የተለወጠ ስክሪፕት ጠዋት ሜካፕ ወንበር ላይ አይሰጥም። ቢያንስ ቀደም ባለው ምሽት፣ ለረጅም ንግግር ደግሞ ከሙሉ ቀን በፊት ይድረሳት። ቀኑ ይጻፍበት፣ የተለወጠው መስመር ጎን ምልክት ይደረግበት፣ ወረቀቱም ከአሮጌው በቀለም ይለይ። አንዱ አሮጌውን ሌላው አዲሱን ይዞ ከተገናኘ ጠቡ ያኔውኑ ይጀምራል።

ከሰዓት በኋላ የሚነሱ ግጭቶችን ድካም ያባብሳቸዋል። ዳይሬክተሩ 12 ሰዓት ሠራሁ ሲል፣ ለሜካፕና ለአልባሳት ሁለት ሰዓት ቀድማ የገባችው ተዋናይት 14 ሠርታለች፤ ስለዚህ ሰዓቷ ከመግቢያዋ ጀምሮ ይቆጠር። የአሜሪካው የተዋንያን ማኅበር ሳግ-አፍትራ ውሎች በሁለት የሥራ ቀናት መካከል የ12 ሰዓት ዕረፍትን፣ በየስድስት ሰዓቱም የምግብ ዕረፍትን እንደ መነሻ ይይዛሉ። ማኅበር በሌለበትም ጥሩ መለኪያ ነው።

ድንበር ሲነካ

የእርቃን፣ የመሳሳምና የጥቃት ትዕይንቶች ዝርዝር ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ ይሁን፦ የትኛው የሰውነት ክፍል ይታያል፣ ማን የት ይነካል፣ ማን ክፍሉ ውስጥ ይቆያል፣ የትኛው ምስል ለማስታወቂያ አይውልም። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት አንብባ፣ ጠይቃ፣ ትፈርም። የቅርርብ ትዕይንት አስተባባሪ ካለ ይህን እሱ ይይዘዋል፤ የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ትዕይንት ባለባቸው ድራማዎቹ ሁሉ አስተባባሪ እንዲኖር ወስኗል፣ ሳግ-አፍትራም በ2020 የአሠራር መመሪያ አውጥቷል።

በዕለቱ «እስቲ ይህንም እንሞክር» የሚባል ጭማሪ አይፈቀድም። ሠራተኛው ሁሉ እያየ የሚሰጥ «እሺ» ፈቃድ ነው ብለው አይውሰዱት።

የስድብ፣ የዛቻ ወይም የወሲባዊ ትንኮሳ አቤቱታ ሲመጣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የትዕይንቱ ቁጥር፣ ቃል በቃል የተባለውና በቦታው የነበሩት ይመዝገቡ። አቤቱታውን የሚቀበለው ተከሳሹ ወይም የእሱ ታዛዥ መሆን የለበትም። ከዚያ በኋላ ትዕይንቶቿ በድንገት ቢቀነሱ እንደ በቀል ስለሚታይ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱ በጽሑፍ ይያዝ።

የዕለቱ የቀረጻ ሪፖርት ቋንቋም ይታሰብበት። «14:10–14:40 ቀረጻ ቆሟል፤ የትወና ምክክር» ወይም «የደኅንነት ጥያቄ» ይበቃል። «ተዋናይቷ አሻፈረኝ አለች» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት በኋላ ኢንሹራንስ ወይም ፍርድ ቤት ፊት ይነበባል።

በማግስቱ

ጉዳዩ የጥበብ ልዩነት ከነበረ፣ ከቀረጻ በፊት ሦስት ሰዎች፣ ሩብ ሰዓት፦ ሁለቱና ፕሮዲውሰሩ። እያንዳንዳቸው ለዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ የተስማሙበት ይጻፍ። በሰው ፊት የተሰደበ ሰው ይቅርታውም በሰው ፊት ይገባዋል፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ትዕይንት ትናንት ያጋጨው አይሁን፤ ቀላል ነገር ይቅደም።

ተዋናይቷን መተካት የሚታሰብ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይወሰን። ሲሶው ከተቀረጸ በኋላ የእሷን ትዕይንቶች ሁሉ መድገም፣ ቦታዎቹን መልሶ ማግኘትና ሌሎቹን ተዋንያን እንደገና መሰብሰብ ሊመጣ ነው።

ቀረጻው ሲያልቅ ሁለቱ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይገናኛሉ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ንግግር በድጋሚ ሲቀዳ። ጠቡ ያልበረደ ከሆነ መስመሮቹ ከሁለት ቀን በፊት ይላኩላት፣ ቅጂውን የድምፅ ኤዲተሩ ይምራው፣ ዳይሬክተሩም አስተያየቱን በእሱ በኩል ያስተላልፍ።