ለቆየ የቢሮ ዴስክቶፕ ርካሽ ግራፊክስ ካርድ መምረጥ፦ ችግርና መፍትሄ

በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ከሚሠሩት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እና እንደ ኤችፒ ኮምፓክ 8300 ያሉ፣ በ2012 ገደማ ለድርጅት ሥራ ታስበው የተሠሩ ማሽኖች ናቸው። ጠንካሮች ስለሆኑ ዛሬም ያገለግላሉ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ቦታ ያለው ግራፊክስ ካርድ የላቸውም፣ ምስሉ የሚወጣውም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው የኢንቴል ግራፊክስ ነው። ካርድ ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ነው። መታወቅ ያለበት ግን በመጀመሪያ ማሽኑ ያሳየው የችግር ምልክት፣ ቀጥሎም ኬዙና ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ሊሸከሙ የሚችሉት ልክ ነው፤ የካርዱ ስም የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ምልክቶቹን ከነምክንያታቸውና ከነመፍትሄያቸው አቀርባለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ ለጌም የሚገዛ ካርድ ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይነሳም።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ በሁሉም ሥራ ይንቀራፈፋል

ማሽኑ ለመነሳት ብዙ ደቂቃ የሚወስድበት፣ ወርድና ኤክሴል ለመክፈት የሚያስጠብቅ ከሆነ ምክንያቱ ግራፊክስ አይደለም። ታስክ ማናጀርን ከፍተው የዲስኩን መስመር ይመልከቱ፤ ምንም ከባድ ሥራ ሳይኖር ዲስኩ ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ከቆየ ጥፋቱ የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። መፍትሄው ኤስኤስዲ የተባለውን ፈጣን ዲስክ መግጠም ነው። ራሙም አንድ ነጠላ ቁራጭ ከሆነ ተመሳሳይ ሁለተኛ ቁራጭ ይጨምሩበት፤ የኢንቴሉ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚበደረው ከዚሁ ራም ነው፤ በዲዲአር3 1600 ራም ላይ የማስተላለፊያው አቅም በአንድ ቁራጭ በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት፣ በሁለት ቁራጭ ደግሞ 25.6 ጊጋባይት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ታች ስንወርድ የብዙ ርካሽ ካርዶችን ዋጋ ቢስነት የሚገልጠው እሱ ነው።

ምልክት፦ ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ ፕሮሰሰሩም 100 በመቶ ይሠራል

ፊልም ከዲስክ ሲከፈት ደህና ሆኖ በዩትዩብ ላይ ግን የሚቆራረጥ ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው የቪዲዮው አጨማመቅ ነው። በ2012 የወጡት የኢንቴል ኤችዲ 2500 እና 4000 ኤች.264 የተባለውን አጨማመቅ በራሳቸው ይፈታሉ፤ ዩትዩብ ዛሬ በብዛት የሚልካቸውን ቪፒ9 እና ኤቪ1ን ግን አያውቋቸውም፤ ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ቪዲዮው ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ሲመርጡ፣ «ኮዴክስ» በሚለው መስመር ላይ የትኛው እየመጣ እንደሆነ ይታያል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሦስት ነገሮችን መሞከር ይገባል፦ በብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ የግራፊክስ አክስለሬሽን መብራቱን ማረጋገጥ፣ ጥራቱን ወደ 720 ዝቅ ማድረግ፣ እንዲሁም ዩትዩብ የኤች.264 ቅጂውን እንዲልክ የሚያስገድድ ኤክስቴንሽን መጫን። የመጨረሻው ዘዴ ከ1080 በላይ ያለውን ጥራት ያሳጣል፤ ለተለመደ የቢሮ ሞኒተር ግን የሚያስቆጭ አይደለም። ይህ ሁሉ ካልረዳ ቪፒ9ን በራሱ የሚፈታ ካርድ ያስፈልጋል፤ ከርካሾቹ የኤንቪዲያዎቹ ጂቲ 1030 እና ኳድሮ ፒ400 ይህን ይችላሉ። ጂቲ 710 እና ጂቲ 730 ግን አይችሉም። ስለዚህ ለዩትዩብ ብሎ ጂቲ 710 የገዛ ሰው ገንዘቡን ለከንቱ አውጥቷል ማለት ነው፤ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት በመሆኑ አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። ኤቪ1ን በተመለከተ ደግሞ በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 እንኳ አይፈታውም። የኢንቴል አርክ ኤ310 ይፈታዋል፤ ነገር ግን በደንብ ለመሥራት ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን የማዘርቦርድ አሠራር ስለሚፈልግና ይህም በነዚህ አሮጌ ማሽኖች ላይ ስለሌለ፣ ለእነርሱ አይመከርም።

ምልክት፦ ሁለተኛ ሞኒተር ወይም 4ኬ ስክሪን አይሠራም

በመጀመሪያ የማሽኑን ጀርባ ይመልከቱ። ኦፕቲፕሌክስ 7010 አንድ ቪጂኤና ሁለት ዲስፕሌይ ፖርት መውጫዎች አሉት፤ ስለዚህ ሁለት ሞኒተር ለማሠራት የሚያስፈልገው ካርድ ሳይሆን አንድ ኬብል ወይም ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ብቻ ሊሆን ይችላል። 4ኬ ስክሪን የሚንቀጠቀጥ የሚመስልና የማውሱ ቀስት እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ፣ መውጫው ኤችዲኤምአይ 1.4 ስለሆነ በሰከንድ ከ30 ምስል በላይ መላክ አልቻለም ማለት ነው፤ 60 ለማግኘት ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ያለው ካርድ ያስፈልጋል።

በተቃራኒው አሮጌ የቪጂኤ ሞኒተር ብቻ ያለው ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የቅርብ ዘመን ካርዶች የአናሎግ ምልክት አያወጡም፤ ዲቪአይ-ዲ በተባለው መውጫ ላይም ርካሹ የዲቪአይ ወደ ቪጂኤ መቀየሪያ አይሠራም፣ ጭራሹንም አይገጥምም። ለዚህ የሚሆነው ውስጡ ቺፕ ያለው፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ዓይነት ነው። ሦስት ሞኒተር ለሚፈልጉ የሒሳብ ሠራተኞችና የመሳሰሉት፣ ሦስት ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት ያለው ኳድሮ ፒ400 በ30 ዋት ብቻ የሚሠራ በመሆኑ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ነው፤ አዳፕተሮቹ ግን ለብቻቸው ዋጋ እንዳላቸው አይዘንጋ።

ምልክት፦ ካርዱ ኬዙ ውስጥ አልገባም

ቀጭኖቹ ኬዞች የሚቀበሉት ግማሽ ቁመት ያለውን፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ራሱ አጭር ሆኖ ከጀርባው የተገጠመው ብረት ግን ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ያገለገለ ካርድ ሲገዛ አጭሩ ብረት አብሮ መኖሩን መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ብቻውን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። የካርዱ ውፍረት የአንድ ስሎት ይሁን የሁለት፣ ርዝመቱም ከሃርድ ዲስኩ ጋር የማይጋጭ መሆኑ በማስመሪያ ይለካ። በጣም ትንንሾቹ ማሽኖች፣ ማለትም ኦፕቲፕሌክሱ አልትራ ስሞል ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት፣ የካርድ ስሎት ጨርሶ የላቸውም። በ7010 ላይ ያለው ሁለተኛው ጥቁር ረጅም ስሎት ደግሞ በውስጡ የአራት የዳታ መስመር ብቻ ስለሆነ ካርዱ የሚሰካው በሰማያዊው ላይ ነው።

ምልክት፦ ካርዱ ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ አይነሳም፣ ወይም በሥራ መሐል ይጠፋል

ይህ የኃይል ጉዳይ ነው። ረጅሙ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት በደንቡ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ሆኖም አንዳንድ የቀጫጭን ኬዝ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ከዚያ ያነሰ ወሰን ያስቀምጣሉ። የ7010 ቀጭን ኬዝ ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት፣ የትልቁ ደግሞ 275 ዋት ሲሆን፣ ሁለቱም ለካርድ የሚሆን ስድስት ፒን ኬብል የላቸውም። ስለዚህ በቀጭኑ ኬዝ ውስጥ ከ30 ዋት አካባቢ ባይታለፍ ጥሩ ነው፦ ጂቲ 1030 እና ኳድሮ ፒ400 እያንዳንዳቸው 30 ዋት ይወስዳሉ። በትልቁ ኬዝ 50 ዋት የሚወስደው አርኤክስ 550 ያለ ስጋት ይሠራል፤ 75 ዋት የሚወስደው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም፣ ተጨማሪ ኬብል የማይፈልገው ዓይነቱ ከሆነና ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ከሆነ ይሄዳል።

ከሳታ የኃይል ኬብል ወደ ስድስት ፒን የሚቀይሩትን አዳፕተሮች ግን አይጠቀሙ። የሳታው መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ እንዲሸከም የተሠራው 54 ዋት ነው፤ ስድስት ፒኑ ግን እስከ 75 ዋት ሊጠይቅ ይችላል፤ ውጤቱ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ ከከፋም እሳት ነው። ከአሜሪካ የመጡ አሮጌ ማሽኖች ላይ ደግሞ በፓወር ሰፕላዩ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አንዳንዴ ይገኛል፤ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ሳይዞር ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ምልክት፦ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

የሞኒተሩ ኬብል አሁንም በማዘርቦርዱ መውጫ ላይ ተሰክቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ካርድ ሲገጠምላቸው ያንን መውጫ በራሳቸው ይዘጉታል። ኬብሉ ካርዱ ላይ ሆኖም ምስል ከሌለ ካርዱን ነቅለው በማዘርቦርዱ ግራፊክስ ያስነሱ፣ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን የማዘርቦርድ ሶፍትዌር) ከአምራቹ ድረ ገጽ በወረደው የመጨረሻ ስሪት ያድሱ፣ ከዚያም ካርዱን መልሰው ይሞክሩ። ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ይህን ያለ ዩፒኤስ ማድረግ አይገባም። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱና ቅንብሩ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሲአር2032 የተባለችው የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ሞታለች፤ እሷን መቀየር ብዙ የማይገባ የሚመስል ብልሽትን ያስቀራል።

ምልክት፦ ካርዱ ይሠራል፣ ነገር ግን ምንም ለውጥ የለም

ገዢው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ስም የተለያየ ዕቃ ይሸጣል። በ2017 የወጣው ጂቲ 1030 ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ያለው ሲሆን በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በ2018 በዚያው ስም የወጣው የዲዲአር4 ዓይነት ግን 16.8 ጊጋባይት ብቻ ነው። ጂቲ 730ም እንዲሁ ነው፦ ጂዲዲአር5 ያለው 40 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ፣ ባለ 64 ቢቱ ዲዲአር3 ግን 14.4 ጊጋባይት ብቻ ያስተላልፋል። አሁን ከላይ ያልነውን 25.6 ያስታውሱ። ሁለት ራም የተገጠመለት ተራ የቢሮ ማሽን፣ ብር ወጥቶበት ከተገዛው የዲዲአር3 ካርድ የበለጠ የሜሞሪ ፍጥነት ነበረው ማለት ነው። በሳጥኑ ላይ «4 ጊጋ» ተብሎ በትልቁ መጻፉ ይህን አይለውጠውም፤ እንዲያውም ባለ 4 ጊጋው ጂቲ 730 ብዙውን ጊዜ ቀርፋፋው ዲዲአር3 ነው፤ ባለ 2 ጊጋው ጂዲዲአር5 በፍጥነት ይበልጠዋል።

ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው የጊጋውን ብዛት ሳይሆን የሜሞሪውን ዓይነት ነው። አርኤክስ 6400 ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ ካርዱ አራት መስመር ብቻ ስላለው በፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 ማሽን ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ በ3.0 የመገናኛው ፍጥነት ወደ ግማሽ፣ በ2.0 ወደ ሩብ ይወርዳል።

የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ደግሞ ጂቲ 1030 ገዝተው ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርጉ ለውጥ ያጣሉ። ካርዱ ቪዲዮ የሚፈታ ክፍል እንጂ የሚጨምቅ ክፍል የለውም፤ አርኤክስ 6400ም በዚህ ረገድ እንደሱ ነው። ለዚህ ሥራ ኳድሮ ፒ620 ወይም ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ መፈለግ ይሻላል።

ምልክት፦ ምስሉ ተዘርግቶ ይታያል፣ ድራይቨሩም አይጫንም

በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከታየ ዊንዶውስ ካርዱን አላወቀውም። ለአሮጌ ካርድ አዲስ ድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ማውረድ አይሠራም፤ ጂቲ 710 እና አብዛኞቹ ጂቲ 730 ያሉበት የኬፕለር ትውልድ ከ2021 በኋላ በዋናው የኤንቪዲያ ድራይቨር ውስጥ የለም፤ ለእነርሱ የ470ዎቹን ድራይቨር መፈለግ ያስፈልጋል። ጂቲ 1030 እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያሉበት የፓስካል ትውልድም በ2025 መደበኛ ማሻሻያው ቆሞ፣ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ እስከ 2028 እንደሚቀጥል ኩባንያው አስታውቋል። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ኤኤምዲን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ የአርኤክስ 550 ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ ምንም ማውረድ አያስፈልግም።

ድራይቨሩ በትክክል ወርዶም እምቢ ካለ ካርዱ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ከ2010 አካባቢ የቀሩ አሮጌ ቺፖች ውስጣዊ ሶፍትዌራቸው ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ» በሚል ስም ይሸጣሉ፤ ዊንዶውስም የተጻፈለትን ስም አምኖ ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ግን ቺፑን አይቶ፣ ካርዱ ሐሰተኛ ሲሆን ከስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ የሜሞሪውን ዓይነትም በዚያው ገጽ ላይ ያሳያል። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱና፣ ካርዱ በሻጩ ማሽን ላይ ተገጥሞ ይህ ገጽ ሳይታይ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ከሌላ ሱቅ ይግዙ።