ሐይቁ ሸሸ ወይስ ካርታዬ ተሳሳተ?

ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። የወሎውን የሐይቅ ሐይቅ ዳርቻ፣ በተለይ የአንከርካ ወንዝ ደለሉን የሚያራግፍበትን አፍ፣ ሴንቲኔል 2 ከተባለው ሳተላይት ምስሎች፣ ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም እያሰመርኩ ነበር። የ2013 ግንቦት ምስል ደህና ነው። የ2014ቱ ላይ ግን ግማሹ ሐይቅ የለም! ክው አልኩ። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ትዝ አለኝ።

ሐይቅ ከተማ ላለው አጎቴ ደወልኩ። «ውሃውማ እንዳለ ነው፤ ምን ነካህ ልጄ?» አለኝ።

ጉዱ ከቁጥሩ ነበር። ከጥር 17 ቀን 2014 ጀምሮ በወጡት የሳተላይቱ ምስሎች እያንዳንዱ ፒክሰል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) የብርሃን ቁጥር ላይ 1000 ተደምሯል። እኔ ውሃን የምለየው ከአረንጓዴው ባንድ (ሳተላይቱ ለየብቻ ከሚመዘግባቸው የብርሃን ዓይነቶች አንዱ) ዓይን የማያየውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ባንድ ቀንሼ፣ ልዩነቱን ለድምራቸው በማካፈል ነው። ከ0.2 ከበለጠ ውሃ ነው። አረንጓዴው 400፣ ኢንፍራሬዱ 200 ቢሆን ውጤቱ 0.33 ይመጣል። በሁለቱም ላይ 1000 ሲታከል ግን 0.08 ብቻ። ውሃው መሬት ሆኖ ቀረ።

ከሁለቱም ባንድ 1000 ቀንሼ እንደገና አሰላሁ። ሐይቁ ተመለሰ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

የወንዙ አፍ ግን አሁንም አልተስተካከለም። ውሃ ውስጥ የቆመው ቄጠማ ለሳተላይቱ የብስ ይመስላል። እዚያ አቋራጭ የለም። ስልኬን ይዤ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ፣ በየሃያ እርምጃው የጂፒኤስ ነጥብ ያዝኩ። ከዚያ የቄጠማውን ጠርዝ በእጄ አሰመርኩት።

አሁን የቀረኝ በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ያለው ነው። ገዳሙ ድሮ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል። ያቺን ቀጭን መሬትም በእግሬ ነው የምለካት።